ወደ ቦርዶ የሄደችው ሙሽራ

የበረራው ቀን ሲደርስ፣ አሜሪካ፣ ሳን ሆዜ ባለው የሙሽሪት እናት የእጅጋየሁ ቤት ክፉ ቃል መተንፈስ ክልክል ሆነ። ሳሎኑ በሻንጣ ተሞልቷል፤ እልልታው ከወዲሁ ይቀልጣል። ስለ መንገዱ ግን ትንፍሽ የሚል የለም።

መንገዱን ሁሉም ያውቀዋል። ሙሽራው የሚጠብቀው አገር ቤት፣ ወላጆቹ ከተማ ነው። አዲስ አበባ ከወረዱ በኋላ ረጅም የመኪና ጉዞ አለ፤ በዚያ መንገድ ላይ ደግሞ በቅርቡ ታጣቂዎች ከአውቶቡስ ሰው አውርደው ወስደዋል። የሙሽራው አጎት ራሱ ደውሎ «ሠርጉን ብናዘገየው» ብሎ ነበር። የሙሽሪት አባት ሰረቀብርሃን ግን ለሽማግሌ ቃሉን ሰጥቷል፤ ዳስ ተጥሏል፤ ካርድ ተበትኗል። ቃሉን ከሚያጥፍ ጣቱን ቢቆርጡት የሚመርጥ ግትር ሰው ነው።

ውብዳር የሰረቀብርሃን ታላቅ እህት ናት። ኦክላንድ ውስጥ ኮሌጅ የአውሮፓን ታሪክ ስታስተምር ኖራ ጡረታ ወጥታለች። ከሰዓት በኋላ የሙሽሪትን ልብስ ስታጣጥፍ ቆየች። ቬሎውን ባየች ቁጥር ጆአን ትመጣባታለች። ጆአን የጥንት እንግሊዝ ንጉሥ ልጅ ነበረች፤ ገና በልጅነቷ ለስፔን አልጋ ወራሽ ታጨች። የሠርግ ልብሷ መርከብ ላይ ተጭኖ፣ በአጀብ የፈረንሳይዋ ቦርዶ ወደብ ስትደርስ፣ የከተማው ሹም «ወረርሽኝ ገብቷል» ብሎ አስጠነቀቃቸው። ማን ሰምቶት! የንጉሥ ቃል ይታጠፋል እንዴ? ልጅቷ ባሏን ሳታይ እዚያው ሞተች።

«እጅጋየሁ፣ ያቺ ልዕልት...» ብላ ጀመረች ውብዳር።

«ያችን የሞተችውን ነው? በእመቤቴ፣ እትዬ ውብዳር! በልጄ ሻንጣ ላይ እንዳያሟርቱብኝ!»

ውብዳር ወደ ልብሱ ተመለሰች። ዕድሜዋን ሙሉ መጽሐፍ ያገላበጠች ሴት ሟርት ታምናለች? ባታምንም ትፈራለች። አንድ ነገር ቢደርስ «በአፏ አመጣችው» ይሏታል። እሷም ራሷን እንዲሁ ትላለች።

ኢየሩስ፣ ሙሽሪት፣ ከመኝታ ቤት ወጣች። ሚልፒታስ በሚባለው ጎረቤት ከተማ ባለው ሥራ ቦታዋ ደፋር የሚሏት ልጅ ናት፤ ዛሬ ግን ከንፈሯ ደርቋል።

«አክስቴ፣ ያቺ ፕሪንሰስ... ልጅ እያለሁ ስቶሪዋን ስትነግሪኝ ኤንዱን ስኪፕ ታደርጊው ነበር። መርከብ ላይ ስትወጣ ታቆሚያለሽ። ደረሰች?»

እጅጋየሁ ከልጇ ጀርባ ቆማ ዓይኗን አፈጠጠች። ውብዳር እጇ ላይ ያለውን ሻሽ አጣጠፈች፤ ፈታችው፤ ደግማ አጣጠፈችው።

«ደረሰች» አለች። «ደርሳ ተዳረች። ልጆችም ወለደች።»

«ሪሊ?»

«እውነቴን ነው።»

እጅጋየሁ እልል ብላ ወደ ኩሽና ገባች። ኢየሩስ አክስቷን እቅፍ አድርጋ በሹክሹክታ አወራቻት።

«ለማሚ እንዳትነግሪያት፤ አሁን ለዳዲ ‹ካንስል አድርገው፣ አልሄድም› ልለው ነበር። በጣም ፈርቼ ነበር። አንድ ሰው ‹አትሂጂ› ቢለኝ ብዬ ስጠብቅ ነበር፤ ማንም አላለኝም። አንቺ ደግሞ አትዋሺኝም። ሶ... ኦኬ ነኝ።»

ሻንጣዋን ዘጋችና «ዳዲ፣ ሬዲ ነኝ!» ብላ ተጣራች። ሰረቀብርሃን ገብቶ ሻንጣውን አነሣ። ልጅቷ ተከትላው በሩ ጋ ደረሰች።

«ኢየሩስ!» አለች ውብዳር።

ልጅቷ ዞረች። «ወይ አክስቴ?»

ሰረቀብርሃንም ቆመ። እጅጋየሁም ከኩሽና ብቅ አለች።

«በሰላም ያግባሽ» አለች ውብዳር።