ሳሊህ ውሃ የለመነበት ቀን

በ1975 ዓ.ም. ከነርስ ትምህርት ቤት ወጥቼ ባሕር ዳር ስመደብ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገባሁ። ክፍል ይባል እንጂ አራት አልጋ፣ አንድ የኦክስጅን ሲሊንደርና አንድ የደም ግፊት መለኪያ ነበር። አለቃዬ ሲስተር ወለተ ኪዳን ሃያ ዓመት የሠሩ የዘጌ ሴት ናቸው። በሽተኛ ሲጠይቁ ሁልጊዜ እግሩን ይዘው ነው። እኔ ሰላምታ ይመስለኝ ነበር።

ሰኔ ላይ ሳሊህ የሚባል ጀልባ ሠሪ መጣ። ግንድ ሆዱ ላይ ወድቆበት ጣፊያው በቀዶ ጥገና ወጥቷል። በማግስቱ ረፋድ ሲስተር ለፖለቲካ ውይይት ክበብ ስብሰባ ተጠሩ። መቅረት አይቻልም።

«አደራ፣ እሱን አትራቂው» ብለውኝ ሄዱ።

ሳሊህ ውሃ ይለምን ጀመር። ብርድ ልብሱን እየገፋ ይገላበጣል።

«እኅቴ፣ ይኼ ሰው ዝምተኛ ነው። ዛሬ ምን ነካው?» አለችኝ ሚስቱ ዘሊካ።

ግፊቱን ለካሁ፤ ደህና ነው። የልብ ምቱ ፈጠን ብሏል። «ከሕመሙ ነው» ብዬ ጻፍሁ። ሰው ሲበዛበት ይረበሻል ብዬም ዘሊካን አስወጣኋት።

ሲስተር ሲመለሱ በሩ ላይ ቆም አሉ። የጻፍሁትን ሳያዩ ሄደው እግሩን፣ ቀጥሎም ጉልበቱን ዳሰሱ።

«ቀዝቅዟል። ከውስጥ እየደማ ነው፤ ዶክተሩን ጥሪ።»

ሮጥሁ። ሳሊህ ግን ቀዶ ጥገና ክፍል ሳይደርስ አረፈ።

ከሰዓት በኋላ ሲስተር ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡና ያየሁትን ሁሉ እንድነግራቸው ጠየቁኝ። ጥሙን፣ መገላበጡን፣ የልብ ምቱን፣ ዘሊካ ያለችውን ነገርኋቸው።

«ሁሉንም አይተሻል» አሉ፤ «አንድ ላይ አላደረግሽውም እንጂ። ደም የጎደለው ሰው ይጠማዋል፣ ይገላበጣል፣ እግሩ ይቀዘቅዛል፤ ግፊት የሚወርደው መጨረሻ ላይ ነው። ስለ እግሩም አልነገርሁሽም። የማውቀውን ሁሉም ሰው የሚያውቀው ይመስለኛል። ጥፋቱ የሁለታችን ነው።»

ከዚያ ወዲያ እጃቸው ያገኘውን ሁሉ ድምፃቸውን አውጥተው ይነግሩኝ ጀመር። መለኪያውን ሳላነሣ በሽተኛው እንዴት እንደዋለ ያስገምቱኛል፤ ስሳሳት ያርሙኛል። ይህን መልመድ ሦስት ዓመት ፈጀብኝ።

በአራተኛው ዓመት ዘሊካን ሐይቁ ዳር ዓሣ ስትሸጥ አገኘኋት። ወዲያው አወቀችኝ።

«እናንተማ ለፍታችሁለት ነበር። አላህ ይስጣችሁ» አለችኝ።

ያን ቀን ሕመሙን ከእኔ ቀድማ እንዳወቀች ልነግራት አፌን ከፈትሁ።

«ዓሣው የዛሬ ነው?» አልኋት።

«የዛሬ ነው» ብላ ትልቁን መርጣ ሰጠችኝ። ተቀብያት ሄድሁ።