ለብ ያለ ውሃ

ሸሪፋ ኮምቦልቻ ባለ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ውስጥ ለምርመራ የሚረቡትን ጊኒ ፒጎች ትመግብ፣ ታጸዳም ነበር። ከጥንቸል ያነሱ፣ ጅራት የሌላቸው፣ ሲርባቸው እንደ ወፍ የሚያፏጩ እንስሳት ናቸው። ጠዋት ጠዋት ከደሴ በሰርቪስ መኪና የሐረጎን ቁልቁለት ስትወርድ ጉሙ መንገዱን ይውጠዋል፤ መኪናው አየር ላይ የሚንሳፈፍ ይመስላታል። ያኔ ዓይኗን ጨፍና ባሏን ጀላልን ታየዋለች፤ ቆሞ፣ ጋቢውን አጣፍቶ፣ እየሳቀ ይመጣል።

እውነቱ ሌላ ነበር። ጀላል ከሰሜን ጦር ግንባር ከተመለሰ ስምንት ወሩ ነው። ጥይት አከርካሪውን መትቶት ከወገቡ በታች አይታዘዝለትም። ሰውነቱን የሚያጥበው በየሦስት ቀኑ ከኩታበር የሚመጣው ታናሽ ወንድሙ ሰይድ ብቻ ነው። ሸሪፋ «እኔ ልጠብህ» ስትለው ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። ሰይድ በሌለበት ቀን መጸዳዳት እንዳያስቸግረው ብሎ ምግብም ቀንሷል፤ ፊቱ ከቀን ወደ ቀን እየከሳ ሄደ።

በሰኔ መግቢያ ከጊኒ ፒጎቹ ሁሉ የሸመገለው ወንዱ መክሳት ጀመረ። ትከሻው ላይ ባለው ነጭ ሰረዝ የተነሳ ሠራተኛው «ሻምበል» ይለዋል። ሣሩን ያሸታል እንጂ አይቀምስም። ሸሪፋ ብታነሳው ከበስተኋላው ክፉ ሽታ አለው። አቅፋው ወደ ሐኪሙ ወደ ዶክተር ደምመላሽ ሄደች።

ሐኪሙ ገልብጦ አየው። «አርጅቷል» አላት። «ወንዶቹ ሲያረጁ መቀመጫቸው አካባቢ ያለው ጡንቻ ይላላል። ለስላሳው በጠጥ እዚያው ተጠራቅሞ መውጫ ያጣል።»

«መድኃኒቱ ምንድን ነው፣ ዶክተር?»

«እጅ ነው። ለብ ባለ ውሃና በዘይት ታርሺዋለሽ፤ ከዚያ ከግራና ከቀኝ በአውራ ጣት ቀስ አድርጎ መግፋት። አትጎትቺ፣ ይደማል። አጥበሽ ታደርቂዋለሽ። ሣር በብዛት ይብላ። ግን በየቀኑ ነው፣ እስከ ዕድሜው መጨረሻ። እዚህ ማን ያደርግለታል?»

«ይፍቀዱልኝ፣ ቤት ልውሰደው።»

«ለምርመራም ለርቢም አይሆንም» አለ ሐኪሙ። «ውሰጂው።»

ደሴ ሆጤ ሰፈር ያለው ቤታቸው አንድ ክፍል ነው። የጀላል አልጋ በመስኮቱ ሥር ነው፤ ከሰዓት በኋላ የጦሳ ተራራ ጉም ወርዶ እስከ ትራሱ የሚገባ ይመስላል። ሸሪፋ ሻምበልን ጭኗ ላይ በፎጣ ይዛ፣ ቢስሚላህ ብላ ሥራዋን ጀመረች። ጀላል ከእንቅልፍና ከንቃት መሀል ሆኖ ያያታል።

«ማን ነው ስሙ?»

«ሻምበል።»

ከግንባር ከተመለሰ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። «የእኛ ሻምበል ይህን ቢሰማ!» ከዚያ እጆቿን ተመለከተ። «አይሸትሽም?»

«ይሸተኛል።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ይታጠባል።»

ሲያልቅ ሻምበል ተንዘፈዘፈና ከጀላል አልጋ አጠገብ በተቀመጠለት ሣጥን ውስጥ ሣሩ ላይ ወደቀ። የሚያኝክበት ድምፅ ክፍሉን ሞላው፤ ጀላል ያንን እየሰማ እንቅልፍ ወሰደው።

ከአሥር ቀን በኋላ ሰርቪሱ ሐረጎ ላይ ተበላሸ። ሸሪፋ ጉሙ ውስጥ ቆማ ስትጨነቅ ቆይታ አመሻሽ ላይ ቤት ደረሰች። ጀላል ትራሱን ተደግፎ ቀና ብሏል። ሻምበል ደረቱ ላይ በፎጣ ተጠቅልሏል፤ የዘይቱ ጠርሙስና ከቴርሞሱ የቀዳው ውሃ አጠገቡ ናቸው።

«ሲያፏጭብኝ ጊዜ እኔው አደረግኩት» አላት። «አልደማም። እዪው፣ ንጹሕ ነው።»

«አብሽር፣ የእኔ ጌታ።»

ጀላል የእንስሳውን ጀርባ በጣቱ እየዳበሰ ቆየ። «እጄ ላይ ሲሆን አላፈረም» አለ። «ሸሪፋ... ውሃ አሙቂ።»

«ለእሱ? አሁን ጨረስክለት አይደል?»

«ለእኔ።»

ውሃውን አሞቀች፤ በክርኗ ለካችው። ስታጥበው መጀመሪያ ዓይኑን ጨፍኖ ጥርሱን ነክሶ ነበር። ቆይቶ ፊቱ ተፈታ።

«ትናንት በሕልሜ ቦርከና ወንዝ ውስጥ ቆሜ አየሁ» አላት ቀስ ብሎ። «ውሃው እግሬን ያቀዘቅዘኛል። አንቺ ማዶ ነበርሽ።»

«ጠራኸኝ?»

«አልጠራሁሽም። ዝም ብዬ አየሁሽ።»

ያን ምሽት ጀላል የቀረበለትን ምግብ ጨረሰና ጨምሪልኝ አለ። ሻምበል ደግሞ እስከ ጥር ኖረ፤ ጀላል አንድ ቀን እንኳ አላጓደለበትም።