የሐጂ ዐብዱልቃዲር ጉድጓድ

የጉድጓዱ ግድግዳ ሲናድ ዘውዴ መጮኽ እንኳ አልቻለም። ዶማውን ሊሰነዝር ጎንበስ እንዳለ ከጀርባው አንዳች ነገር ሲንሸራተት ሰማ፤ ቀና ከማለቱ አፈርና ድንጋይ እግሩን፣ ወገቡን፣ ደረቱን ዋጠው። አቧራው ጋብ ሲል በሕይወት መኖሩን አወቀ። ሁለቱም እጆቹ ከጎኑ ጋር ተቀብረዋል። ግራ እግሩን ትልቅ ድንጋይ ተጭኖታል። ከላይ የምትታየው ሰማይ ከሰፌድ አትበልጥም።

"ዘውዴ! አለህ ወይ?"

ድምፁ የዐብዱናስር ነው። ዐብዱናስር የጀጎል ተወላጅ ነው። ከዘውዴ ጋር የውኃ ጉድጓድ ሲቆፍሩ ዓመታት አልፈዋል፤ አንዱ ከታች ይቆፍራል፣ ሌላው ከላይ አፈሩን በቅርጫት ይስባል። ይህን ጉድጓድ የሚቆፍሩት ከኤረር በር ወጣ ብሎ በሚገኘው በሐጂ ዐብዱልቃዲር የአትክልት ቦታ ነው።

"አለሁ" አለ ዘውዴ። "ግን መንቀሳቀስ አልቻልኩም። እጆቼ ተይዘዋል።"

"መጣሁ፣ እወርዳለሁ!"

"እንዳትወርድ! በስተቀኝ ያለው ግድግዳ ተንጠልጥሏል። ከነካኸው ሁለታችንም እዚሁ እንቀራለን።"

"ታዲያ ቆሜ ልይህ?"

"ልጆች አሉህ፣ ዐብዱናስር። እኔን ተወኝ።"

ከላይ ሩጫና ጫጫታ ተሰማ። ሐጂ ዐብዱልቃዲር ከዘራቸውን ጥለው የጉድጓዱ አፍ ላይ በልባቸው ተኙ። "አይዞህ ልጄ! ሚስትህ ዘንድ ሰው ልኬያለሁ። ኢንሻአላህ ትወጣለህ" አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው ለዐብዱናስር ሲናገሩ ዘውዴ ሰማቸው። ጉድጓድ ውስጥ ያለ ሰው ከላይ የሚባለውን ሁሉ ይሰማል። "የሐኪም ጋራ ጠቁሯል። ዝናቡ ቀድሞን ከመጣ አፈሩ ይወርድበታል።"

ዘውዴ "ጌታ ሆይ" ሊል አፉን ከፈተና ተወው።

ሰው ሁሉ በጭንቁ ቀን የሚጠራውን ስም እሱ መጥራት ካቆመ ቆይቷል። ብቸኛ ልጁ ሰገነት በፈንጣጣ የሞተች ጊዜ፣ ከቀብር ሲመለስ የአንገቱን ማተብ ሰው ሁሉ እያየው በጥሶ ጣለ። "ልጄን ላልጠበቀልኝ አንገቴን አላስርም" አለ። ኋላ ግን ተጸጸተ። የንስሐ አባቱ መምሬ ወልደ ጊዮርጊስ ዘንድ ሄዶ አለቀሰ፤ እሳቸውም ጾምና ስግደት ቀኖና ሰጡት። ጀመረው፣ ግን አልዘለቀበትም። ሥራው ያደክመዋል፣ ኀዘኑ ተመልሶ ይመጣበታል፣ ዛሬ ነገ ሲል ከግማሽ ቀረ። ከዚያ ወዲያ መምሬን መንገድ ላይ ባየ ቁጥር ይታጠፋል፤ በመድኃኔዓለም ደጅ ሲያልፍም አንገቱን ይደፋል። ማተብ አልመለሰም። ቀኖናዬን ጨርሼ፣ ፊቴን አጥርቼ እገባለሁ ሲል ኖረ።

አሁን እንኳን ሊሰግድ፣ በጣቱ ሊያማትብ አይችልም። በሰላሙ ቀን ያልፈለግሁትን ዛሬ ቢጨንቀኝ ብጠራው ምን ይለኛል? እያለ ጥርሱን ነከሰ። ከእግሩ በታች የፈለቀው ውኃ አፈሩን እያራሰ ወደ ላይ መምጣቱ በብርዱ ይታወቀዋል። ትንፋሹ ያጥራል፤ ደረቱ በሰፋ ቁጥር አፈሩ ጠበቅ ይላል።

ሚስቱ ለተማርያም ስትደርስ በጩኸቷ አወቃት። "ዘውዴ! ወንድምዬ! ተናገረኝ!"

"እዚህ ነኝ። አታልቅሺ፣ ለተማርያም።"

"መምሬን ይዣቸው መጥቻለሁ!"

ዘውዴ ዐይኑን ጨፈነ። መምሬን ሲሸሽ ኖሯል፤ አሁን ግን የሚሸሽበት ቦታ የለውም።

"ዘውዴ" አሉ መምሬ ወልደ ጊዮርጊስ፣ እያለከለኩ። ሽማግሌ ናቸው፤ ቁልቁለቱን በሩጫ ነው የወረዱት። "ትሰማኛለህ? ጸልይ ልጄ።"

"በየትኛው አፌ፣ አባቴ? የሰጡኝን ቀኖና አልፈጸምኩም።"

"አውቃለሁ።"

"ማተብ እንኳ የለኝም።"

"እሱንም አውቃለሁ። እኔን ስታይ በሰዐዲያ ሱቅ በኩል ስትታጠፍ ስንቴ አይቼሃለሁ መሰለህ?"

ከላይ የለተማርያም ልቅሶ ቆም አለ። መምሬ ቀጠሉ፦ "ቀኖናውን የሰጠሁህ እንድትድን ነው፤ ከአባትህ ደጅ እንድትርቅበት አይደለም። አጥፍተሃል፣ ስንፍናህንም ኋላ እንነጋገርበታለን። አሁን ግን ልጅ አባቱን እንደሚጠራ ጥራው። ጌታ የተሰቀለው ለጨረሱት ብቻ መሰለህ?"

"ለስግደት ጉልበቴ፣ ለማማተብ እጄ ተቀብሯል።"

"አፍህ አልተቀበረም" አሉት መምሬ።

ትንሽ ጠጠር ከላይ ወርዶ የዘውዴን ግንባር መታው። በዳዊት ሊጀምር አሰበ፤ ቃሉ ጠፋበት። "አቡነ ዘበሰማያት" ብሎ ጀመረና እሱም መሐል ላይ ተሰወረበት። ያን ጊዜ የቀረለትን ተናገረ፦ "ጌታዬ፣ እኔ ዘውዴ ነኝ። የማመጣልህ ነገር የለኝም። ብወጣ እንዲህ አደርጋለሁ ብዬም አልዋሽህም፤ ታውቀኛለህ። መኖር እፈልጋለሁ። አውጣኝ።"

ግድግዳው እንደተንጠለጠለ ነው፣ ውኃውም መውጣቱን አልተወም። ግን ዘውዴ ከዓመታት በኋላ አንገቱን ሳይደፋ ለመነ፤ ሲለምንም ማንም "አንተ ማነህ?" አላለውም። ድጋሚ "አውጣኝ" አለ፣ አሁን ጮክ ብሎ፣ ለሚሰማው ሰው እንደሚናገር።

የመጀመሪያዎቹ የዝናብ ጠብታዎች ፊቱ ላይ አረፉ።

"ዘውዴ!" አለ ዐብዱናስር። "ሐጂ የቤታቸውን በር አስነቅለዋል። አንዱን ሳንቃ ይዤ ወርጄ ግድግዳውን እደግፈዋለሁ። ግን የቱ ጋ እንደላላ የምታየው አንተ ነህ። ካልመራኸኝ አልችልም።"

"ዐብዱናስር፣ ምን ውለታ ውዬልህ ነው ለኔ የምትሞተው?"

"ወላሂ፣ ውለታ ማን ጠየቀህ? ውረድ በለኝ እንጂ!"

ከሁሉ የከበደው ይህ ነበር። ዝም ብሎ መሞት ቀለል ይላል፤ ከሰው ዕዳ ነጻ ያወጣል። ዘውዴ የተንጠለጠለውን ግድግዳ አየ፣ የዐብዱናስርን ልጆች አሰበ። ቅድም በሙሉ አፉ አውጣኝ ብሏል። የተላከለትን እጅ ከመለሰ የለመነው ምኑን ነው?

"ውረድ" አለ። "በግራ በኩል። እግርህን ጥቁሩ ድንጋይ ላይ አሳርፍ፣ ነጩን እንዳትነካ።"

"ቢስሚላህ" አለ ዐብዱናስር፣ ገመዱን ወገቡ ላይ አስሮ ወረደ። ሳንቃውን ገና እንዳስደገፈ ግድግዳው ተናደና በላዩ አረፈ፤ እንጨቱ አቃሰተ፣ ግን ያዘ። ዐብዱናስር አካፋ ሊያወዛውዝ ቦታ አልነበረውም፤ አፈሩን በእጁ እየጫረ በቅርጫት ሞላ፣ ከላይ ሐጂና መምሬ ከጎረቤቱ ሁሉ ጋር ሳቡት። ዝናቡ ሲበረታ የዘውዴ ቀኝ እጅ ነጻ ወጣ። እሱም ከጓደኛው ጋር ይጭር ጀመር። ድንጋዩ ከእግሩ ላይ ሲነሣ የዘውዴ ጩኸት እስከ ኤረር በር ተሰማ።

በገመድ አውጥተው ጭቃው ላይ አስተኙት። እግሩ ተሰብሯል። ዐብዱናስር ከኋላው ወጥቶ አጠገቡ ተዘረረና ሳቅና ልቅሶ የተቀላቀለበት ድምፅ አወጣ። ዘውዴ እጁን ያዘው።

ለተማርያም ነጠላዋን ቀድዳ እግሩን በእንጨት አሰረች። ጎረቤቶቹ ከላይ በቀረው በሌላው የበር ሳንቃ ተሸክመውት ወደ ከተማ ገቡ። መንታው መንገድ ላይ ሲደርሱ ዘውዴ "ቁሙ" አለ። "በመድኃኔዓለም በኩል ውሰዱኝ።"

"ምን ነካህ?" አለች ለተማርያም። "እስከ ጸጉርህ ጭቃ ነህ! ወጌሻው ቤት ይጠብቃል። መጀመሪያ ልጠብህ፣ ልብስ ልለውጥልህ፣ ሲሻልህ ትሄዳለህ።"

ዘውዴ መምሬን አየ። መምሬ ውሳኔውን ለእሱ ተዉለት።

"ታጥቤ እሄዳለሁ ስል ነው ይህ ሁሉ ዘመን ያለፈው" አላት። "ደጁ ላይ ብቻ አውርዱኝ። ወጌሻው ይቆየኝ።"

ተሸካሚዎቹ ሳንቃውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወሩና ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ታጠፉ።