ትርፍ ቺንጋ

«ሲያሲ፣ አንዴ እንኳ አረፍ በይ እንጂ! ሰው ሊያጽናናሽ መጥቶ አንቺ ትንጎራደጃለሽ?» አለ አጎቷ ማርኩሲ፣ የሻይ ማንቆርቆሪያውን ሊቀበላት እጁን እየዘረጋ።

አልሰጠችውም። ለሁሉም ደግማ ቀዳች። ወለሉ ላይ በተነጠፈው ካርቶን ዙሪያ ተቀምጠው የአጋዘን ሥጋ የሚቆርጡትን ሰዎች ተሻግራ መስኮቱ ጋ ደረሰች፤ ተመለሰች፤ እንደገና ሄደች። አባቷ ፑቱሊክ ካረፈ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ሬሳው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሆኖ አውሎ ነፋሱ እስኪያባራ ይጠብቃል። መቀበሪያው ከባሕረ ሰላጤው ማዶ፣ ወላጆቹ ያረፉበት የድሮ ሰፈራቸው ነው።

«በእኔ የበረዶ ሞተር እንወስደዋለን» አለ ማርኩሲ። «የሱው ቺንጋ የለውም፤ መደብሩም ጨርሷል።»

«አባዬ በራሱ ሞተር ነው የሚሄደው።»

«ሰንሰለቱን የሚያዞረው የጎማ ቀበቶ ሳይኖር በምን ሊሄድልሽ? በጸሎት?»

ምድጃው አጠገብ ሁለት ሴቶች ያንሾካሹካሉ።

«መንገድ ላይ ነው አሉ የተበጠሰበት። ሃያ ኪሎ ሜትር በእግሩ! ላብ በላብ ሆኖ ገባ፤ በሳምንቱ ሳንባው ተያዘ።»

«ፑቱሊክ? ያለ ትርፍ ቺንጋ? እሱ እኮ እዚሁ ቅርብ ዓሣ ሊያጠምድ ሲሄድ እንኳ ከወንበሩ ሥር አንድ ሳይዝ አይወጣም።»

«ሽምግልና ነዋ። ዘነጋው።»

ሲያሲ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች፤ ካፖርቷን ደርባ ወጣች።

ሰዎች ጎትተው ያመጡት የአባቷ ሞተር ከቤቱ ጀርባ ባለው የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ነው። ኮፋኖውን ከፈተች። የፊት መንሸራተቻዎቹን መገጣጠሚያ ግራሶ ቀባች፤ ሳትጨርስ ካንዴላዎቹን ፈታች፤ እነሱንም ትታ ከሥር በረዶውን እየረገጠ የሚሽከረከረው የጎማ ሰንሰለት መላላት አለመላላቱን በእጇ ጫን እያደረገች ለካች። እጇ አንድ ቦታ አልረጋ አለ።

በየዓመቱ በረዶ ከመጣሉ በፊት ይህን ሁሉ ከአባቷ ጋር አብረው ይሠሩት ነበር። ያስጀመራት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለች ነው። ወንድ ልጅ ስላልነበረው ጓደኞቹ «ልጅቱን መካኒክ ልታደርጋት ነው?» እያሉ ያላግጡበታል። «ከእናንተ መሃል ካርቡሬተር ማጽዳት የሚችል ካለ እሷን እተዋታለሁ» ይላቸዋል። ያደረ ቤንዚን ማስወጣቱን፣ ቺንጋ አጥፎ ውስጡን መፈተሹን፣ ሁሉንም ያስደግማታል። ስትሳሳት አይቆጣም፤ ያስፈታትና እንደ አዲስ ያስገጥማታል።

ዘንድሮ ግን እጁ ይንቀጠቀጥ ጀመር። «አንቺ እዪልኝ» አላት። የአየር ማረፊያው ሥራ በዝቶባት ስለነበር ነገ፣ ነገ ስትል ሰነበተች። በመጨረሻ አንድ ቀን እየተጣደፈች ገባች። ቺንጋውን ስታጥፈው ጥርሶቹ ሥር ስንጥቅ አየች፤ ፀጉር የምታህል። አዲስ ማዘዝ፣ አውሮፕላን መጠበቅ፣ ስንት ጣጣ!

«ደህና ነው አባዬ፤ ይህን ክረምት ይችላል።»

«አንቺ ካልሽማ ደህና ነው» አላት።

የመጋዘኑ በር ተንኳኳ። ከጢሙ ላይ በረዶ እየጠረገ የገባው አይቢሊ ነበር፤ የጎረቤት መንደር አዳኝ። ከካፖርቱ ውስጥ ቺንጋ አወጣ።

«የአባትሽ ነው፤ እኔ ሌላ ገጥሜያለሁ። ማረፉን በሬዲዮ ስሰማ፣ ነፋሱ ጋብ ሲል ይዤው ተነሳሁ።»

«አንተ ጋ ምን ይሠራል?»

«እሱ በእግሩ የገባ ዕለት፣ ቀደም ብሎ የእኔ ተበጥሶ መንገድ ላይ ቆሜ ነበር። ሚስቴ ተጎታቹ ላይ ናት፤ ምጥ ይዟት ወደ መንደራችን ክሊኒክ እያጣደፍኳት። አባትሽ ደረሰልን። ትርፉን አውጥቶ፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ፣ ራሱ ገጠመልኝ። ‹አንተስ?› ስለው ሳቀብኝ። ‹የእኔን ልጄ አይታዋለች› አለኝ።»

ሲያሲ የተደፋ ጀሪካን ላይ ተቀመጠች። አባቷ ካረፈ ወዲህ ስትቀመጥ ገና መጀመሪያዋ ነበር።

«አይቼዋለሁ» አለች ቀስ ብላ። «ስንጥቁን አይቼ ነው ደህና ነው ያልኩት።»

አይቢሊ ጓንቱን አወለቀ፣ መልሶ አጠለቀ። «ፍሪሲዮኑን ክፈቺልኝና ላስገባው» አለ።

«አይሆንም። እኔ ነኝ የምገጥመው።»

ቺንጋውን እያጠፈች እያንዳንዱን ጥርስ አየች፤ ጨርሳ እንደገና ከመጀመሪያው አየች። ከዚያ ገጠመችው፤ የፈታቻቸውን ካንዴላዎችም መለሰች። የማስነሻውን ገመድ አራት ጊዜ ስትስብ ሞተሩ ተነሳ።

ቤት ያሉት ድምፁን ሰምተው ጠበቋት። ጫማዋን ሳታወልቅ መሃላቸው ቆመች።

«አባዬ አልዘነጋም» አለች። ትርፉን ለማን እንደሰጠ ነገረቻቸው። ስንጥቁንም ነገረቻቸው፤ ምንም አላስቀረችም።  እናቷ ሉዊሳ ቢላዋዋን ካርቶኑ ላይ አኖረች፤ ተነስታ መኝታ ክፍሏ ገባችና በሩን ዘጋች።

በማግስቱ ሰማዩ ጠራ። ሲያሲ በአባቷ ሞተር ሳጥኑን እየጎተተች በረዶ የሆነውን ባሕር ተሻገረች፤ መንደሩ በሙሉ በየሞተሩ ተከተላት። ፑቱሊክን ወላጆቹ አጠገብ አሳርፈው ድንጋይ ከመሩበት። እናቷ ከማርኩሲ ኋላ ተቀምጣ ሄዳ፣ ከማርኩሲ ኋላ ተቀምጣ ተመለሰች። ከልጇ ጋር አንድ ቃል አልተለዋወጠችም።

ሲመለሱ ሰው ሁሉ ለሻይ ገባ። ሲያሲ ደጅ ቀረች። ሰንሰለቱ ውስጥ የታጨቀው በረዶ ሳይራገፍ ከጠጠረ ሞተሩ ነገ ንቅንቅ አይልም፤ እንዲራገፍ የሞተሩን ኋላ አንስቶ መልሶ መጣል ያስፈልጋል። የኋላውን ብረት ይዛ ወደ ላይ ጎተተች። ደገመች። አልተነሳላትም። ሌላኛውን ጫፍ የሚይዘው ሁልጊዜ እሱ ነበር።

በሩ ተከፈተ። እናቷ በቤት ጫማ፣ ራሷን ሳትሸፍን ወጣች። በዕድሜዋ ይህን ሞተር ነክታው አታውቅም። በረዶውን እየረገጠች መጥታ ከጎኗ ቆመች።

«በየት በኩል ነው የሚያዘው?»

«ከታች ነው እማዬ። ጓንት እንኳ አላደረግሽም፣ ቆይ...»

ሉዊሳ ጎንበስ ብላ ብረቱን በባዶ እጇ ያዘች።

«አንሺ» አለቻት።

አነሱት።