ነቀዝ የበላው ሐዲድ

ኢንቲሳር አሶሳ ገበያ ዳር ስልክ ትጠግናለች። ሙያውን ያስተማራት የለም፤ ፈታ፣ ገጥማ፣ አበላሽታ ነው የተማረችው፤ ይህንንም ላልጠየቃት ሁሉ ትናገራለች። አትክልት የሚዘራና የሚያጠጣ ሮቦት የሠራችውም እንዲሁ ነው። ባሕር ማዶ ያሉ ሰዎች «የፈለገ ወስዶ ይሥራው» ብለው ንድፉን በነፃ ለቀውት አገኘችው። ሮቦቱ በመደቡ ግራና ቀኝ በተዘረጋ ሐዲድ ላይ ወዲያ ወዲህ እየሄደ ዘር ይጥላል፣ ውሃ ያንጠባጥባል። ሐዲዱ አልሙኒየም ይሁን ይላል ንድፉ፤ አልሙኒየሙ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ዘሩ ይሻግታል። እሷ በቀርከሃ ተካችው። አሶሳ ላይ ቀርከሃ ጠፍቶ አያውቅም።

ከዚያ መመሪያውን በአማርኛ ጽፋ ቴሌግራም ላይ ለቀቀች። የፈረንጆቹ መመሪያ መጽሐፍ ያህላል፤ ብሎን ወደየት እንደሚዞር ሳይቀር ይናገራል። እዚያ ጋ ስትደርስ ከት ብላ ሳቀች። «ለብልህ አይነግሩም፣ ለአንበሳ አይመትሩም» ብላ ሰው ሁሉ ያውቀዋል ያለችውን እየቆረጠች ጣለች፤ የእሷው አራት ገጽ ሆነ። የወደደው ብዙ ነው፤ የሠራው ግን አልነበረም። እሷ ደግሞ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እሷ በሌለችበት ሌላ ሰው በገዛ እጁ ሠርቶት ሲሄድ ማየት። ያለዚያማ የአንድ ጓሮ መጫወቻ ነው።

በነሐሴ አንድ ሰው ተገኘ። ለገሰ ከደብረ ማርቆስ ወደ አሶሳ ተመድቦ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ሠርቶ ጨርሶ ፎቶ ላከ። ኢንቲሳር ፎቶውን ለደንበኛ ሁሉ ስታሳይ ከረመች።

ኅዳር ላይ ለገሰ ቴሌግራሙ ላይ ሌላ ፎቶ ለጠፈ። ሐዲዱ ከመሃሉ ተሰብሮ ሮቦቱ ጎመኑ ላይ ተደፍቷል። ከሥሩ፣ «ወገኖቼ፣ ጊዜያችሁን አታባክኑ» ተብሎ ተጽፏል።

ሱቋን ዘግታ ባጃጅ ተሳፈረች። መንገዱን ሁሉ የምትናገረውን ስታሰናዳ ነበር። ለገሰ ግቢ ደርሳ ሰላምታውን እንኳ አላስጨረሰችውም፤ የተሰበረውን ቀርከሃ አንስታ በጣቷ መታ መታ ስታደርገው ቢጫ ዱቄት ረገፈ። ነቀዝ ነው።

«ጋሼ፣ ይሄን መቼ ነው የቆረጡት?»

«በነሐሴ ነዋ። ዝናቡ ጋብ ያለ ቀን ጠብቄ።»

«ቀርከሃ በክረምት ይቆረጣል? ውስጡ ስኳር ሞልቶ! ነቀዙን ጠርተው ነው እኮ ያበሉት። እዚህ አገር ይሄን የማያውቅ ፍየል ብቻ ነው።»

ለገሰ አልተቆጣም። ስልኩን አወጣና መመሪያዋን ከፍቶ ሰጣት።

«እስቲ የቱ ጋ ነው የጻፍሽው? እኔ እዚህ አገር አልተወለድኩም።»

«ቀርከሃ ቆርጣችሁ አምጡ» ይላል። ከዚያ በላይ አይልም። ደግማ ብታነበውም ቃል አልጨመረም። በበጋ መቁረጡን፣ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፉን፣ ጥላ ላይ ማድረቁን አጎቷ አብዱልረሂም ሲሠራ እያየች ነው ያደገችው፤ የሚጻፍ ነገር ነው ብላ አስባው አታውቅም። ይቅርታ ማለት አልሆነላትም።

«የደረቀ ቀርከሃ ከቤት አመጣለሁ» አለች። «የምሠራው ግን እኔ አይደለሁም። እርስዎም አይደሉም።»

ይህን ስትል ዓይኗ የለገሰ ሚስት አሰለፈች ላይ ነበር። አሰለፈች በሯ ላይ ቆማ ስትሰማ ቆይታለች። መፍቻ ጨብጣ እንደማታውቅ ተናግራ ልታመልጥ ሞከረች፤ ኢንቲሳር መመሪያዋን ለመፈተን የፈለገችው ግን ልክ እንዲህ ያለውን ሰው ነበር።

በቀጣዩ ቅዳሜ አሰለፈች ጮክ ብላ እያነበበች፣ ያነበበችውን ብቻ ትሠራ ጀመር። ኢንቲሳር በርጩማ ላይ ተቀምጣ ዝም ልትል ተስማምታለች፤ ለእሷ አፍ ከባድ ሥራ ነው። «ብሎኑን አጥብቁ» የሚለው ጋ ሲደረስ አሰለፈች መፍቻውን ወደ ግራ አዞረች። ብሎኑ ላላ። አሁንም አዞረች፤ ሐዲዱ ተንሸራተተ።

«እትዬ አሰለፈች…»

«ዝም እላለሁ አላልሽም?» አለቻት ቀና ሳትል። «የምታውቂውን ለእኔ አትንገሪኝ፤ እዚያው ጻፊው።»

ለገሰ ሳቁን ዋጠ። ኢንቲሳር ስልኳን አወጣች፤ «ወደ ቀኝ እያዞራችሁ» ብላ ጨምራ ላከችላት። አሰለፈች አነበበችና መፍቻውን ወደ ቀኝ አዞረችው። ብሎኑ ነከሰ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሮቦቱ መደቡን ከዳር እስከ ዳር ሄደ። መመሪያው ያኔ አሥራ አንድ ገጽ ደርሶ ነበር።