ደቦ የቀረበት ትምባሆ

«እማ፣ እኛ ሲጋራ እየሸጥን የጌታን እራት እንወስዳለን። አያቴን ትምባሆ ስለተከለ ለምን አገዱት?»

ልጄ ፊቤ ይህን ስትጠይቀኝ ደቡብ አፍሪካ፣ ዳቬይተን በምትገኘው ስፓዛችን፣ ማለትም በትንሿ የሰፈር ሱቃችን፣ ከፍርግርጉ ኋላ ተቀምጬ የማታ ትምህርቴን ንባብ እያጠናሁ ነበር። ከውጭ አንድ ደንበኛ «ሳውቦና ማማ፣ አንድ ፍሬ!» እያለ በዙሉኛ ሰላምታ ብረቱን በሳንቲም ያንኳኳል። ከፓኮው አንድ ሲጋራ መዝዤ ሰጠሁትና ፊቤን «ሂጂ የቤት ሥራሽን ሥሪ» አልኳት።

አማቴ አባባ ሕዝቅኤል አገር ቤት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነበሩ። መንግሥት በወረዳቸው ትምባሆ ለሚያለሙ ገበሬዎች የድጋፍ ገንዘብ መክፈል ጀመረ። በቆሎ ለሚዘራ ምንም አልነበረም። እሳቸው ትምባሆ በአፋቸው ዞሮ አያውቅም፤ ግን ባሌ አቢሶ አንድ ልጃቸው ነው። ሱቃችን ዳግመኛ ሲዘረፍ «በድጋፉ ቤት እሠራላችኋለሁ፤ ሦስታችሁም ትመጣላችሁ» አሉና የበቆሎውን መሬት ለትምባሆ አደረጉት። የቤተ ክርስቲያኑ ጉባኤ ከጌታ እራት አገዳቸው።

እገዳውን ቻሉት። ደቦው መቅረቱ ነው የጎዳቸው። በዚያ ቀበሌ ደቦ የሚወጣውም፣ አብሮ የሚዘምረውም ያው ሰው ነው። ትምባሆ ደግሞ ከደረሰ ጊዜ አይሰጥም፤ ቶሎ ተለቅሞ ማድረቂያ ዳስ ውስጥ ካልተሰቀለ ይበሰብሳል። ድጋፉም የሚከፈለው ደረቁን ቅጠል ላስረከበ ብቻ ነው።

እሑድ ከአምልኮ ስንመለስ ደወልን።

«አባባ፣ እንዴት ነዎት?»

«እኔ ደህና ነኝ፣ መሰረት ልጄ። ቅጠሉ ነው ቢጫ የሆነው።»

«ሰው አልመጣም?»

«መጣ እንጂ። አጥሩ ጋ ቆመው ጸለዩልኝና ሄዱ።»

«ታዲያ ማን እየለቀመ ነው?»

«እኔና ፍየሏ ነበርን። እሷም ቀመሰችና ተፋችው፤ ከጉባኤው ጋር መከረች መሰለኝ።» ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ዞረ።

አቢሶ ስልኩን ከእጄ ወሰደ። «በቅጥር ያስለቅሙ፣ አባባ። እኔ እልካለሁ።»

«በገንዘብም እምቢ አሉኝ፣ ልጄ። ማን እጁን በትምባሆ ያቆሽሻል?»

አቢሶ ስልኩን ዘጋና «ልሄድ ነው» አለኝ።

«በምን ልትመለስ?» አልኩት። እዚህ የምንኖረው በጥገኝነት ወረቀት ነው፤ ወደ አገሩ የገባ ሰው ወረቀቱ ይሰረዝበታል።

«አልመለስም። ትከተሉኛላችሁ።»

«አሁኑኑ አብረን እንሂድ።»

«የት ልትገቢ? ቤትሽ ገና ማሳ ላይ ያለ ቅጠል ነው።»

ሻንጣውን አዘጋጀሁለት። ፊቤ ጃኬቷን ለብሳ በሩ ላይ ቆመች፤ አብራ የምትሄድ መስሏታል።

አቢሶ ሲደርስ የቅጠሉ እኩሌታ በስብሶ ነበር። ከተረፈው የተከፈለው ድጋፍ ለቤቱ ማገር እንኳ አልበቃም። አባባ ሕዝቅኤል ዓመቱን አልጨረሱም። ለቀብራቸው ጉባኤው አንድም ሰው ሳይቀር ወጣ፤ መቃብሩንም በደቦ ቆፈሩላቸው አለኝ አቢሶ።

እሱ መመለሻ የለውም፤ እኛም የምንገባበት ቤት አልተሠራም። እኔና ፊቤ ዳቬይተን ቀርተናል።