ያለ ጠመንጃ የተለቀሰ ሰው

በአርብ ገበያ ዙሪያ ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚጠራው ቄስ ነው፤ ቀጥሎ እናትነሽ። አንዳንዴማ ቄሱ ይቀደማል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሙሾ ስታወርድ የኖረች አልቃሽ ናት። እሷ ያላለቀሰችለት ሰው እንደተቀበረ አይቆጠርም ይሏታል፤ እሷም "ኧረ ተዉኝ" እያለች ጆሮዋን አቅንታ ትሰማለች።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ግን ሙሾዋ የቆመው በሦስት ነገር ላይ ነበር፦ በጠመንጃ፣ በበሬና በዘር። ሟቹ ጠመንጃ ከነበረው እሰየው፤ ካልነበረውም እናትነሽ ታስታጥቀዋለች። ዕድሜ ልኩን ከእርሻው ላይ ዝንጀሮ እንኳ አባሮ የማያውቅ ሰው በእሷ አፍ ምንሽር አንግቶ ይቀበራል፦

"ምንሽሩን አንግቶ ሲወርድ ካምባው ላይ፣
የጠላቱ ጉልበት ይርዳል ከሩቅ ሲያይ።"

እዚህ ላይ ሴቶቹ ደረታቸውን ይደቃሉ፣ ወንዶቹ የጋቢያቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ይስባሉ። ማን ይጠይቃል? ሙት አይዋሽበትም የሚል ካለ ልቅሶ ቤት ገብቶ አያውቅም።

ባለፈው ወር ግን ጉድ ሆነ። እናትነሽ አንድ ቀብር ላይ የመጀመሪያውን ስንኝ ጥላ ትንፋሽ ስትወስድ፣ ከኋላ የቆሙት ልጃገረዶች ሁለተኛውን ስንኝ ቀድመዋት ጨረሱት። ለክፋት አልነበረም። የገዛ ልጇ ትዝታ፣ ከተማው ውስጥ የምታስተምረው፣ ሙሾውን በስልኳ ቀርፃ ለጓደኞቿ ልካው ኖሯል፤ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር አገሩ ሁሉ በቃሉ ያዘው። እናትነሽ ያን ቀን እንደምንም ጨረሰች። ቤቷ ገብታ ነጠላዋን ስታወርድ ግን "ደርቄያለሁ" አለች። አዲስ ስንኝ ከገጠመች ስንት ዓመቷ ነው? ብታስብ ብታስብ አልመጣላትም። ሌላ ሙያ የላትም፤ ስሟም እንጀራዋም ይኸው አፏ ነው። በሚቀጥለው ቀብር ላይም ልጆቹ ቀድመው ከጨረሱላት፣ ከዚያ ወዲያ ማን ብሎ ይጠራታል?

በዚህ ጭንቀት ላይ ሳለች ነው ጣሰው የሞተው።

ጣሰው ገብስና ባቄላ የሚያበቅል፣ ማንም ስለ እሱ ክፉም ደግም ሲያወራ ተሰምቶ የማያውቅ ገበሬ ነበር። ደብረ ታቦር ሲታከም ሰንብቶ አርብ ዕለት አረፈ፤ አስከሬኑ ቅዳሜ ጠዋት ይገባል ተባለ። ሚስቱ ምስራቅ እናትነሽን አስጠራቻት።

"እትዬ እናትነሽ፣ ነገ እንዲያወርዱልኝ ነው። ግን አደራ አለብኝ።"

"የምን አደራ?"

"ጠመንጃ እንዳይነሳ ብሏል። በሬም እንዳይነሳ። የእገሌ ልጅ፣ የእገሌ የልጅ ልጅም እንዳይባል።"

"ምን አስቦ ነው እቴ?"

"'ሰዉ ሁሉ በሰው ዕቃ እየተለቀሰ ተቀበረ፤ እኔን በሌለኝ ነገር እንዳታስለቅሱኝ' አለኝ። ሦስት ጊዜ ነው ያስማለኝ።"

እናትነሽ መጀመሪያ የመጣባት ንዴት ነበር። ሠላሳ ዓመት ስንቱን ስታስታጥቅ የኖረችውን ሴት፣ አንድ ዝምተኛ ገበሬ ከሞት አልጋው ላይ ሆኖ ባዶ እጇን አስቀራት። ቀጥሎ የመጣው ግን ራሷንም ገረማት። ጠመንጃው፣ በሬው፣ ዘሩ ተነስቶ ሲያልቅ ከአንድ ሰው ምን ይቀራል? ይህን ጠይቃ አታውቅም ነበር። አሁን ማወቅ ፈለገች፤ ልክ ልጅ ሳለች የተዘጋ ሳጥን ስታይ እንደሚያደርጋት አደረጋት።

በቅድሚያ ግን ማምለጫ ፈለገች። አልቃሽ ናትና ብልጣብልጥ ናት።

"በቅሎስ? በቅሎ አልከለከለም አይደል?"

"አልከለከለም።"

"በቅሎ ነበረው?"

"አህያ ነበረን" አለች ምስራቅ። "እሷም የወንድሙ ናት።"

እናትነሽ ወደ ገበያው ወጣች። ሰው ከየቀበሌው መጥቷልና ጣሰውን የሚያውቅ አይጠፋም። እህል ከሚሸጡት ጀምራ ስትጠይቅ ዋለች። "ጥሩ ሰው ነበሩ" አሏት። "ምናቸው?" ስትል "እንዲያው ጥሩ" አሏት። ከእርሻው ጋር ኩታ ገጠም የሚያርሰውን ደምሌን ያዘችው። ደምሌ አገጩን ሲያሽ ቆየና፣ "ጥሩ ነበር" አለ። ሰው ስድሳ ዓመት ኖሮ ይህቺን አንዲት ቃል ብቻ ጥሎ ይሄዳል? እናትነሽ ተናደደች፤ በጣሰው ሳይሆን በሰዎቹ። በጥሩነት ሙሾ አይወጣም። በየመንገዱ ስንኝ ብትሞክር ምላሷ እየዞረ ያው ምንሽር ላይ ይወድቅባታል፤ የለመደ አፍ ነው። "እረፍ!" ትለዋለች፣ ብቻዋን እያወራች ስትሄድ ያያት ሰው እስኪገረም ድረስ።

ፀሐይ ሳትገባ እግሯን እየጎተተች ወደ ምስራቅ ተመለሰች። ምስራቅ ለነገው ንፍሮ ባቄላ ትለቅማለች። እናትነሽም አጠገቧ ተቀምጣ ትለቅም ጀመር።

"እንባ እምቢ አለኝ፣ እትዬ" አለች ምስራቅ ቀና ሳትል። "ከጠዋት ጀምሮ አንዲት ጠብታ የለም። ነገ ሰው ምን ይለኛል? ባሏን አትወደውም ነበር አይሉኝም?"

እናትነሽ ቀኑን ሙሉ ስለ ደግነቱ ጠይቃ ምንም አላገኘችም። እስቲ በሌላ በኩል ልሂድ ብላ፣ "ምኑ ነበር የሚያናድድሽ?" አለቻት።

"ሳቁ!" አለች ምስራቅ፣ ጥያቄው ሳያልቅ።

"ሳቁ ምን ሆነ?"

"ይዘገያላ! አርብ ገበያ ላይ ቀልድ ይነገራል፤ ሰዉ ተንከትክቶ ይጨርሳል፣ እሱ ዝም። ያልሰማ ይመስልዎታል። ሰኞ እርሻ ላይ እርፉን ይዞ ቀጥ ይላል፤ ከዚያ ብቻውን ይንከተከታል። 'ምነው?' ስለው 'ያ የደምሌ ነገር' ይለኛል። አንድ ጊዜማ ቅዳሴ ላይ መጣበት። ካህናቱ ፊት! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።" እጇ ላይ ያለው ባቄላ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ምስራቅ እየሳቀች ነበር፤ ደንግጣ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

እናትነሽ ግን መልቀም አቁማ ነበር። ከስንት ዓመት በኋላ ከንፈሯ አዲስ ስንኝ መፈለግ ጀመረ።

በማግሥቱ ሕዝቡ በልቅሶው ሜዳ ላይ ክብ ሠራ። ትዝታ ስልኳን ይዛ ዳር ቆማለች፤ ልጃገረዶቹ ከንፈራቸውን አዘጋጅተዋል። እናትነሽ መሐል ገባች። እንደ ሠላሳ ዓመት አልቃሽ ሳይሆን ገና ዛሬ እንደጀመረች ሴት ፈራች። ምስራቅ ፊት ለፊቷ ደረቅ ዓይኗን እንዳፈጠጠች ቆማለች። እናትነሽ ጣለችው፦

"የአርቡን ጨዋታ ሰኞ የምትስቀው፣"

ትንፋሽ ወሰደች። ከኋላ ማንም አልቀደማትም። ምን ልትል እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም።

"የዛሬውን ልቅሶ በስንት ቀን ልታውቀው?"

በመጀመሪያ የተሰማው ሳቅ ነበር። ደምሌ ነው፤ በእጁ አፉን ቢይዘውም አመለጠው። ከዚያ ምስራቅ ሳቀች፣ ጮክ ብላ፣ ሰው ሁሉ እያያት። ሳቁ ሳያልቅ መሐሉ ላይ ተሰበረና ጩኸት ሆነ፣ ሁለት ሴቶች ደግፈው ያዟት። ያ እምቢ ያለው እንባ ጉንጯን አጠበው።

ከክቡ ዳር አዛለች የምትባል፣ ልጇን ከቀበረች አራት ዓመት የሆናት ሴት፣ "የኔስ ልጅ ጫማውን ግራ ቀኝ ሳያምታታ አድርጎ አያውቅም ነበር!" ብላ ጮኸች። ሌላዋ "እናቴ ለዶሮዋ ተረት የምትነግር!" አለች። ስንኝ አልነበረም፣ ቤት አይመታም፤ ግን አንዱ ሌላውን እየቀሰቀሰ ሁሉም የየራሱን ሙት፣ በየራሱ ትንሽ ነገር፣ እየጠራ አለቀሰ። በዚያ አገር እንዲህ ያለ ልቅሶ ሰው አላየም።

እናትነሽና ትዝታ አብረው ወደ ቤት ሄዱ። ትዝታ ደስታዋን መደበቅ አቅቷት ስልኳን ታገላብጣለች።

"እማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ጠመንጃውን ባይከለክሉሽ ይሄን ታገኚው ነበር?"

እናትነሽ ጥያቄው ደስ አላት፤ በደንብ ልትመልሰው ፈለገች።

"ክልከላውማ ምን ሰጠኝ? ቀኑን ሙሉ ባዶዬን ነው ያዞረኝ። የሰጠችኝ ምስራቅ ናት። ግን ጠመንጃው ቢፈቀድልኝ ምስራቅን አልጠይቃትም ነበር። ምን አስጠየቀኝ? ጠመንጃው አለልኝ።"

ይህን ብላ ሁለት እርምጃ እንደሄደች ቆመች። ፊቷ ተለወጠ።

"ትዝታ፣ አባትሽን በምን አለቀስኩት?"

ትዝታ ስልኩን አወረደች። አባቷ አለሙ ከሞተ ሰባት ዓመት ሆኖታል። "በምንሽሩ" አለች ቀስ ብላ።

"ምንሽር ነበረው?"

"አልነበረውም።"

እናትነሽ መንገዱ ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ሠላሳ ዓመት የሰውን ሁሉ ሙት ስታለቅስ ኖራ፣ አንድ ጊዜ ማንንም መጠየቅ ሳያስፈልጋት፣ ሁሉን እያወቀች፣ የራሷን ባል በማያውቀው ጠመንጃ ሸኝታው ነበር።

"ነይ ተቀመጪ" አለቻት ልጇን። "አባትሽ ምኑ ነበር የሚያናድድሽ? ንገሪኝ። ገና አላለቀስኩትም።"